ኮዱ ባለቤቱን ደጅ ሲያሳድረው፦ የድሬ መድረካችን ረጅሙ ክር

ሰሞኑን መድረካችን ላይ ስለ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የተከፈተ አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጽሑፍና ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች፣ ከልክ በላይ ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ የማንበብ ትዕግሥት የለውም፤ መልስ ያገኘ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቃል። እኔም እንደ አወያይ ለእያንዳንዱ ከምመልስ ክሩን በራሴ አፍ ላወራላችሁ ወሰንኩ። የሰው ቃል አልገለብጥም፤ ስም አልጠራም፤ የመልሱ ቁጥር ይበቃናል። ስድቡን አውጥቻለሁ። ቀልዱን ግን አልነካሁትም።

መክፈቻው

ክሩን የከፈተው እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ የሚነግድ ልጅ ነው። ደንበኞቹን የሚያገኘው በፌስቡክ ፔጁ ነው። ዕቃ ሊያይ ጂቡቲ ሲሄድ መንገድ ላይ ስልኩ ተሰበረበት፤ እዚያው አዲስ ገዛ። ፔጁ ውስጥ ሊገባ ፓስወርዱን ጻፈ። ፌስቡክ ደግሞ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ከፓስወርዱ በተጨማሪ የሚገባውን ኮድ፣ ጠየቀው። ኮዱ የሚላከው ወደ ኢትዮጵያ ቁጥሩ ነው፤ ሲሙ ደግሞ ጂቡቲ ላይ ኔትወርክ አልያዘለትም። ድሬ እስኪመለስ ድረስ ደንበኛ እየጻፈ እሱ መመለስ አልቻለም። ትዕዛዙ ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ሄደ።

ከዚህ ተነስቶ ነው የደመደመው። ይህ ማረጋገጫ የሚባል ነገር ሌባን አያስቆምም፣ ባለቤቱን ነው ደጅ የሚያሳድረው ባይ ነው። ሁለተኛ ማስረጃ አለኝ ብሎም ጨመረ፦ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር የአክስቱ ልጅ ማረጋገጫውን አብርታ እያለ ቴሌግራሟ ተወስዷል። እሱ አጥፍቶታል። አብራ የሚል ሰው ካለ ምክንያቱን ያምጣ ብሎ ጨረሰ።

መልሶቹ

1. ከዚራ የሞባይል ጥገና ሱቅ ያለው ልጅ በጨዋ ደንብ ጀመረ። እንኳን በሰላም ገባህ አለው፤ ከዚያ በግማሹ ተስማማ። ጥፋቱ የማረጋገጫው ሳይሆን የሜሴጁ እንደሆነ አስረዳ። ኮድ በሜሴጅ እንዲመጣ ሲሙም፣ ኔትወርኩም፣ ያለህበት አገርም መስማማት አለባቸው። ኦተንቲኬተር የሚባለው አፕ ግን ይህ ጣጣ የለበትም። መጀመሪያ ኪውአር ኮዱን ስካን ስታደርግ አንድ ሚስጥር ወደ ስልክህ ይገባል። ያው ሚስጥር አካውንቱ ያለበት ድርጅት፣ ለምሳሌ ፌስቡክ ዘንድም አለ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ሚስጥሩንና ሰዓቱን ይዘው በየ30 ሴኮንዱ አንድ ዓይነት ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያሰላሉ። ስልኩ ማንንም አይጠይቅም። ሲም ባይኖረው፣ ዳታ ቢያልቅ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ቢሆን ኮዱ ይወጣል። የስሌቱ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለወጣ የጉግሉም የማይክሮሶፍቱም አፕ ለፌስቡክ ይሠራል።

2. የክሩ ባለቤት ተቆጣ። ስልኬ ተሰበረ እያልኩ ስልክ ላይ የሚቀመጥ አፕ ትመክረኛለህ ወይ ነው ነገሩ። አፑ ከስልኩ ጋር አብሮ መሞቱ አይቀርም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ላይክ አድርጎለታል።

3. ጥገናው ልጅ አልተደናገጠም። ማረጋገጫውን ስታበራ አብረው የሚሰጡህን ባክአፕ ኮዶች የት አደረግካቸው ብሎ ጠየቀው። ጉግል ባለ 8 አሃዝ የሆኑ 10 ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። ፌስቡክም እንዲሁ 10 ይሰጣል። አንዷ እንኳን በወረቀት ተጽፋ ቦርሳው ውስጥ ብትኖር ጂቡቲ ሆኖ ይገባ ነበር። ባለቤቱ እነዚህን ኮዶች ማየቱን ያስታውሳል፤ ቀጥል የሚለውን ተጭኖ አልፏቸዋል። እኔም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ የክሩ ዋና ነገር ይህ ነው። ማረጋገጫ አብሩ ብሎ የሚመክር ሞልቷል፤ ከማብራታችሁ በፊት መመለሻ መንገዳችሁን ያዙ የሚል ግን የለም።

4. ከዚህ በኋላ ወረቀቱ የት ይቀመጥ የሚል ጫወታ ተነሳ። አንዱ ስክሪንሹት አንስቶ እዚያው ስልኩ ላይ አስቀምጦታል። ሳቁበት። አንዷ እናቷ ሳጥን ውስጥ፣ ከካርታውና ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር አስቀምጣለች። አንዱ ደግሞ አጣጥፎ ስልኩ ከቨር ውስጥ ከቶታል። ጥገናው ልጅ ይህችኛዋን በደንብ ያውቃታል። ሱቁ የሚመጣ ስልክ ከቨሩ ሲወልቅ የባጃጅ መልስ የሆነች የተጨማደደች 10 ብር፣ የሰው ፎቶና እንዲህ ያለ ወረቀት አብሮ ይወድቃል። ስልኩ ሲሰረቅ ወረቀቱም አብሮ መሄዱን ማንም አያስበውም።

5. አንድ የባጃጅ ሹፌር አፑን እንደሞከረውና ቆሻሻ መሆኑን ጻፈ። ኮዱን በትክክል እየጻፈ ሁሌ ስህተት ነው ይለዋል። ሦስት የተለያዩ አፖች ቀይሮ አይቷል። ሁሉም ያው ነው።

6. ይህን የመለሰችው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ ጠዋት ሥራ ስትወጣ ስልክህ ስንት ሰዓት ይላል?

7. ሁለት ሰዓት ይላል፣ ሌላ ምን ሊል ነው አለ።

8. እዚህ ጋ ነው ክሩ ለኔ የተወደደው። ብዙ ሰው ስልኩን በኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። አውቶማቲኩን ያጠፋና 8 የሚለውን በእጁ 2 ያደርገዋል። ስልኩ ግን የኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ በቃ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። አፑ የሚያሰላው በሰዓቱ ነው። ስለዚህ የሚያወጣው ኮድ ከስድስት ሰዓት በፊት ጊዜው ያለፈበት ኮድ ነው። ልጅቷ በካልኩሌተር ሠርታ አሳየችው፦ በየ30 ሴኮንዱ አንድ ኮድ ከሆነ፣ ስድስት ሰዓት ማለት 720 ኮድ ነው። ድርጅቶቹ ብዙ ጊዜ የሚታገሡት አንድ ኮድ ወደ ኋላ ወይ ወደ ፊት ነው። እስከ 720 ማንም አይታገሥም።

መፍትሔው ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው። ሹፌሩ ግን በጀ አላለም። ስምንት የሚል ሰዓት አይቶ ሁለት ብሎ መተርጎም ይሰለቸዋል። ለሱ ደግሞ ሌላ መላ አመጣችለት። ሰዓቱን አትንካው፣ የሰዓት ቀጠናውን ቀይረው። የኛ ቀጠና ከዓለም መነሻ ሰዓት 3 ሰዓት ይቀድማል፤ የቦነስ አይረስ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ልዩነቱ ልክ ስድስት ነው። አርጀንቲናን ከመረጥክ ስልኩ ጠዋት 2 ይልሃል፣ ከውስጥ ያለው እውነተኛ ሰዓት ግን አይነካም፣ ኮዱም ይሠራል።

9. ሹፌሩ ተመልሶ መጣ፤ ሠርቶለታል። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሁሉም ጨዋታ ስለ ሜሲ ሆነ። ድሬ ከቦነስ አይረስ ትሞቃለች ትቀዘቅዛለች የሚለውንም ትቼዋለሁ። ቀጠናውን መቀየር ካሌንደር ላይ የተያዙ ቀጠሮዎችን እንደሚያምታታ አንዱ በቁም ነገር አስጠንቅቋል። ልክ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ ትንሽ አፕ ስክሪኑ ላይ ማስቀመጥ ከሁሉም የቀለለ ነው ባይ ነኝ።

10. አሁን የሳቢያኗ የአክስት ልጅ ራሷ ገባች። ስሟ በመነሳቱ አልተደሰተችም። ታሪኩን አረመችው። አንድ ቀን ከምታውቃት ልጅ ቴሌግራም አንድ ሊንክ መጣላት፤ ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጪልኝ፣ ውድድር ላይ ነች የሚል። ሊንኩን ስትከፍት ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፤ ሞላች። ወዲያው ከቴሌግራም ኮድ መጣ። ገጹ ኮዱን አስገቢ አላት፤ አስገባች። በቃ። ያቺ የምታውቃት ልጅም ቀድማ በዚያው መንገድ ተወስዳ ነበር።

ልብ በሉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርታ አታውቅም። ባለቤቱ ኮድ መጣላት ሲባል ሰምቶ ነው አብርታ ነበር ያለው።

11. ተማሪዋ ይህን አጠበቀችው። ቴሌግራም ሲገቡ የሚመጣው ኮድ ሁለተኛው ቁልፍ አይደለም፤ እዚያ የመጀመሪያውና ብቸኛው ቁልፍ እሱ ነው። ሁለተኛው ሰው ራሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሚያወጣው ፓስወርድ ነው። ይህ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ግን ካላበራኸው የለህም። ስታበራው ኢሜይል ይጠይቅሃል፤ ዝለለው የሚለውን እንዳትነካ አለች፤ ፓስወርዱን ስትረሳ የሚያድንህ ያ ኢሜይል ነው።

12. ጥገናው ልጅ ለተወሰደባቸው የሚጠቅም ጨመረ። ሌባው ገና እንደገባ የቆየውን ስልክ ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ ቴሌግራም ለአዲስ ገቢ ለጥቂት ሰዓታት ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ የማታውቁት መግቢያ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ገብታችሁ የናንተ ያልሆነውን አስወጡ። የአክስቱ ልጅ ይህን አላወቀችም ነበር። አድራ ጠዋት ስታየው አልፏል።

13. ባለቤቱ አንድ ማስረጃው ወደቀበት። ግን ወንድ ልጅ፣ የጂቡቲው አለ ብሎ ቆመ።

14. የባንክ ሠራተኛ ነኝ ያለች ሴት መጣች። ሜሴጁ ራሱ ለማንም አትስጡ እያለ እንዴት ሰው አንብቦ ይሰጣል ብላ ገረማት። የባንክ ሰው ኮድም ሚስጥር ቁጥርም አይጠይቅም፤ ከጠየቀ የባንክ ሰው አይደለም። እስከዚህ መልካም። የሚሰጡት ሰዎች ግን ስግብግብ ስለሆኑ ነው፣ ሽልማት ሲባል ይደነብራሉ ማለቷ ነገር አመጣ።

15. አንዱ ክፉኛ መለሰላት። እናቱ እንዲህ ተታለዋል፤ ስግብግብ አይደሉም። የደወለው ሰው ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ጠርቷል፣ የሚኖሩበትን ቀበሌ አውቋል፣ ሲስተም እያደስን ነው ብሏል። በዚያ ላይ እሳቸው ማንበብ የሚችሉት በመነጽር ነው፤ ኮዱን ያነበበችለት የሰፈር ልጅ ነች። ቢሮ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጦ ሰው መስደብ ቀላል ነው አለ። ከዚህ ቀጥሎ የመጡትን 16 እና 17 አጥፍቻቸዋለሁ። የጻፉት ያውቁታል።

18. ሠራተኛዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ይህን ማየት ደስ ይላል። ከዚያ ሁላችንም ሳናውቀው ሁለት ደረጃ የምንጠቀም መሆናችንን አስታወሰች። ኤቲኤም ካርድና ሚስጥር ቁጥር ሁለት ነገር ነው። አንዱ በእጅ ያለ፣ ሌላው በጭንቅላት ያለ። በ2013 ግንቦት የመጣው ቴሌብርም በ*127# ሲሠራ ሲሙ አንድ ነው፣ ሚስጥር ቁጥሩ ሁለተኛ። ካርዱ ላይ ሚስጥር ቁጥሩን በእስክሪብቶ የጻፈ ሰው ግን ሁለቱን አንድ አድርጓል። በየሳምንቱ አያለሁ አለች።

19. የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑ አባት ጻፉ። ድሬ ትንሹም ትልቁም አንተ የሚባባልበት አገር ነው፤ ለሳቸው ግን ሁሉም እርስዎ ማለት ጀመረ። ጥያቄያቸው አጭር ነው። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ አፕ የሚባል አያውቅም። ውጭ ያለው ልጃቸው ኢሜይል ከፍቶላቸዋል፤ ኮዱ በሜሴጅ ይመጣል። ሜሴጅ መጥፎ ነው ከተባለ ያጥፉት ወይ?

20. ለዚህ የመለሰው ውጭ አገር በኔትወርክ ሥራ የሚኖር የገንደ ቆሬ ልጅ ነው። አያጥፉት አለ። ቁጥርም አመጣ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በሜሴጅ የሚመጣው ኮድ የሮቦቶቹን (ያለ ሰው በራሳቸው የሚሞክሩ ፕሮግራሞችን) ሙከራ 100 በመቶ፣ በጅምላ የሚላከውን ማጭበርበሪያ 96 በመቶ፣ አንድን ሰው ነጥሎ የሚያጠቃውን ደግሞ 76 በመቶ አግዷል። አካላዊ የደህንነት ቁልፍ (እንደ ፍላሽ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ) ሦስቱንም 100 በመቶ። ሜሴጁ ደካማ ነው የሚባለው ከሌሎቹ ሲወዳደር ነው። ክፍቱን ከማደር በቆርቆሮም ቢሆን መዝጋት ይሻላል።

21. አንዱ ወዲያው፣ ያ ጥናት የፈረንጅ ነው፣ እዚህ አይሠራም አለ። ለምን እንደማይሠራ ሲጠየቅ አልተመለሰም።

22. ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ገባ፤ ከክሩ ሁሉ በጣም የሚያውቀውም በጣም የሚያበሳጨውም እሱ ነው። ቁጥር 20 ሜሴጁን እንዲህ ማሞገሱ አልተዋጠለትም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው ሜሴጅን በገደብ ብቻ የሚፈቀድ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የትዊተር መሥራችና ኃላፊ የነበረው ጃክ ዶርሲ ራሱ ስልክ ቁጥሩ ተወስዶበት በስሙ ተጽፎበታል። ሌቦቹ ስልኩን አልሰረቁም፤ ቁጥሩን ነው ወደራሳቸው ያዞሩት። ቁጥር 1ንም አላለፈውም። የአፑንም ኮድ ሰው በሐሰተኛ ገጽ ላይ ከጻፈው ሌባው በዚያችው 30 ሴኮንድ ውስጥ ይጠቀምበታል፤ የሳቢያኗ ልጅ በአፕ ቢሆንም አትድንም ነበር። የማይታለለው ፓስኪ (ስልክህ ላይ ተቀምጦ በኮድ ፈንታ የሚያስገባ ቁልፍ) ነው፤ ቁልፉ ከትክክለኛው ድረ ገጽ ውጭ ለሌላ አይሠራምና።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አጠገቡ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘው የጠየቁ አባት አሉ።

23. ጥገናው ልጅም ይህንኑ አለው፣ ከኔ በባሰ ቋንቋ።

24. ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ የሚሠራ ልጅ ነገሩን ወደ ሲም አዞረው። የሚጠቀምበት መስመር የወጣው በወንድሙ ስም ነው። ወንድሙ ውጭ ሄዷል። ስልኩ ሲጠፋ ሲሙን ለማስተካት ባለስሙ ይቅረብ ተባለ። ባለስሙ ሪያድ ነው። ቁጥሩ ጋር ኢሜይሉም፣ ፌስቡኩም፣ የሱቁ ሒሳብም የተያያዘ ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ቁጥሩን ትቶ አዲስ ሲም አወጣ፤ አዲሱ ሲም ላይ ቴሌግራም ሊከፍት ሲል የማያውቀው ሰው ፎቶና ግሩፖች ፊቱ ድቅን አሉ። የቀድሞው ባለ ቁጥር ፓስወርድ አላስገባም ነበር።

ይህን ሁለቴ አንብቡት። የተተወ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል። የናንተም የድሮ ቁጥር አሁን አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

25 - 28. ከሐረር ሰው መምጣቱን ተከትሎ የሙቀትና የንፋስ ክርክር ሆነ። ሐረሮቹ ወደ ድሬ ሲወርዱ ሹራብ እንደሚያወልቁ፣ ድሬዎቹ ወደ ሐረር ሲወጡ እንደሚንቀጠቀጡ ተወራ። ሳፋሪኮም አገር ውስጥ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 የጀመረው ድሬ ላይ መሆኑን አንዱ በኩራት አነሳ፤ ሁለት ሲም ከያዝክ ኮዱን በየትኛው ታደርጋለህ ወደሚለው የተመለስነው በዚህ በኩል ነው። መልሱ፦ በስምህ በወጣው።

29. አንዲት ፀጉር ቤት ያላት ልጅ ያነሳችው ግን ሁሉንም ዝም አሰኘ። ጂሜይሏን የከፈተላት አንድ የሞባይል ሱቅ ነው። ያኔ ስልክ ስትገዛ ኢሜይል አብረው ከፈቱላት፤ ፓስወርዱን በካርቶኑ ላይ ጻፉላት። አሁን ማረጋገጫ ላብራ ብላ ስትገባ ኮዱ ወደ ማን ቁጥር እንደሚሄድ አየች። መጨረሻው 47 የሆነ ቁጥር። የሷ አይደለም።

30. መጋላ የሞባይል ሱቅ ያለው ሰውዬ፣ ያንተ ሱቅ ነው ሳይባል፣ ለመከላከል መጣ። ደንበኛው አዲስ ስልክ ገዝቶ ሲሙን ገና አላወጣም፤ ፕሌይስቶር ደግሞ ኢሜይል ካልተከፈተ አይሠራም። ሰው ይሰለፋል፣ ሰዓት የለም። የሱቁን ቁጥር ያስገባሉ። ፓስወርዱን ደንበኛው ነገ ረሳሁ ብሎ ስለሚመጣ ደብተር ላይ ይመዘግቡታል። ደብተሩን ሲገልጸው አየሁት ልበል፦ ባለ መስመር የተማሪ ደብተር፣ በማስመሪያ ሦስት ቦታ የተከፈለ። ስም፣ ኢሜይል፣ ፓስወርድ። ፓስወርዱ የብዙው ሰው ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ 123 ነው፤ ለማስታወስ እንዲቀል። ደብተሩ ከባትሪዎቹ ጋር ጠረጴዛው ሥር ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ራሱ ነው የጻፈው፤ ክፋት እንደሌለው ለማሳየት።

31. መምህሩ ጮኸ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ እንዲህ ባትሪ ሥር አይቀመጥም። የሰው አካውንት ያለፈቃድ መግባት ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስከስሳል። ባለሱቁ አልገባሁም አለ። መምህሩ ደብተሩን የሰረቀ ሊገባ ይችላል አለ። በዚህ በኩል እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ግን ባለሱቁን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው። ደንበኛውን ጎን አስቀምጦ ራሱ እንዲጽፍ ማድረግ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

32. ጥገናው ልጅ ለፀጉር ቤቷ ልጅ ቅደም ተከተሉን አስቀመጠላት። መጀመሪያ ስልኳ ላይ ገብታ እያለች፣ ሳትወጣ፣ ጉግል አካውንት ከዚያ ሴኩሪቲ ትግባ። የራሷን ቁጥር ትጨምር፤ ከዚያ የሱቁን ታጥፋ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ አስቀድማ ብታጠፋ መመለሻ አይኖራትም። ፓስወርዱን ትቀይር። የገቡ ስልኮችን ዝርዝር ትመልከት፤ የማታውቀውን ታስወጣ። ማረጋገጫውን ታብራ፣ 10ሩን ኮዶች በወረቀት ትገልብጥ። መጨረሻ ላይ ያን ካርቶን ታቃጥል። ልጅቷ በማግስቱ ጨርሻለሁ ብላ ጻፈች፤ ዝርዝሩ ላይ የማታውቀው አንድ ስልክ ተገኝቷል።

33. የሱቅህን ስም ተናገር የሚሉ ሦስት አራት መልሶች። አጥፍቻለሁ።

34. የውጭው ልጅ ስለ ሌላ ዓይነት ማታለያ አነሳ። ኮድ ሳይሆን ስልክህ ላይ አንተ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ የሚመጣበት አለ፤ አዎ የሚለውን መንካት ብቻ ነው። ፓስወርድህን ያገኘ ሌባ እስኪሰለችህ ድረስ ደጋግሞ ይልከዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታክሲ ጥሪ ድርጅቱ ኡበር የተጠቃው እንዲህ ነው፤ ሌባው ለአንድ የኮንትራት ሠራተኛ ደጋግሞ ከላከ በኋላ በዋትስአፕ የአይቲ ክፍል ነኝ ብሎ ጻፈለት፤ ሠራተኛውም ተቀበለ። ሌሊት ሳትገባ አንተ ነህ ወይ ካለህ አይደለሁም በል፣ ጠዋት ፓስወርድህን ቀይር።

35. ባለቤቱ ተመለሰ። ፔጁ ላይ በአፕ አብርቷል፤ ወረቀቱን ሚስቱ ዘንድ አስቀምጧል። ኢሜይሉ ላይ ግን አላበራም፤ ኢሜይል ማን ያየዋል አለ።

36. ተማሪዋ አልለቀቀችውም። የፌስቡኩ ፓስወርድ ሲረሳ መቀየሪያው የሚላከው ወዴት ነው ብላ ጠየቀች። የጉግሉ አፕ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኮዶቹን ከጉግል አካውንት ጋር አብሮ ማስቀመጥ ይችላል፤ ያንን ካበራህ ደግሞ ኢሜይልህ ውስጥ የገባ ሌባ ኮዶችህንም አገኘ ማለት ነው። ኢሜይሉ ነው መጀመሪያ የሚዘጋው። ባለቤቱ ለዚህ የመለሰው በአውራ ጣት ብቻ ነው።

37. የመጨረሻውን ጉዳይ ያነሳችው የጡረተኛው አባት ጎረቤት የሆነች ልጅ ነች። የራሷ አባት በቅርቡ አርፈዋል። ፎቶዎቻቸውና ከውጭ ልጆች ጋር የተጻጻፉት ሁሉ ኢሜይላቸው ውስጥ ነው። ስልካቸው እሷ ጋ አለ፤ ኮዱ በዚያ ሲም ይመጣል። ሲሙን ማንም አይጠቀምበትም።

38. ቁጥር 20 እና ቁጥር 1 ተከታትለው መለሱላት። ሲሙ እንዳይዘጋ ካርድ ትሙላበት፣ አልፎ አልፎ ይደወልበት። መስመሩ እየሠራ ሳለ ፎቶዎቹን ታውርድ። ጉግል 2 ዓመት ያልተከፈተ አካውንት የመሰረዝ ደንብ አለው፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ አይባልም። በሕይወት ያለነው ደግሞ ይህን አስቀድመን ማዘጋጀት እንችላለን። ጉግል አካውንቱ ለተወሰኑ ወራት ዝም ካለ ለመረጥናቸው ሰዎች፣ እስከ 10 ድረስ፣ እንዲያሳውቅ የምናዝበት ቦታ አለው። ፌስቡክም ወራሽ ሰው ያስመርጣል።

መምህሩ የሟችን አካውንት መክፈት ሕጉ ምን ይላል ብሎ ሊጀምር ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ከሱቅ ደብተርና ከጂቡቲ ጋር ተቀላቅሎ አይሆንም። ለብቻው ክር ከፍቼለታለሁ፤ ልጅቷን እዚያ ታገኟታላችሁ። ይህኛው ተዘግቷል።